ከበሩ ውጭ የዋለች መምህር

ተማሪዎቿ ፊት ለፊት «ቲቸር» ይሏታል። ዞር ስትል ግን ስሟ «ወይዘሮ እስክርቢቶ» ነው። እሷም ታውቃለች፤ የማታውቅ ትመስላለች እንጂ። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። በወጣቶች ማረሚያ ግቢ ውስጥ እስክርቢቶ እንደ ቢላዋ ነው የሚታየው። ስለዚህ ትምህርት ሲጀመር ሃያ አራት ታድላለች፣ ሲያልቅ ሃያ አራት ትሰበስባለች። አንድ ከጎደለ ከክፍሉ የሚወጣ የለም። ምሳ ይቀዘቅዛል፣ ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ያጉረመርማል፣ እሷ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። «እኔ ቸኩዬ የምሄድበት የለኝም፤ የናንተን ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ» ትላቸዋለች። ቀድመው የሚስቁት እነሱው ናቸው። ከዚያ የጠፋው እስክርቢቶ ከአንዱ ካልሲ ውስጥ ወጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ይቀመጣል። ማን እንዳስቀመጠው አይታ እንዳላየች ታልፋለች።

ክፍሏን ብታዩት ትምህርት ቤት አትሉትም። ድሮ የዕቃ ግምጃ ቤት ነበር። አግዳሚ ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር በብሎን ታስረዋል፤ መስኮቱ ከራስ በላይ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳው መሃል ለመሃል ስለተሰነጠቀ ረጅም ነገር ስትጽፍ ጠመኔው እየዘለለ ያስቸግራታል። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ጎረምሳ ፊደል ይቆጥራል፤ አጠገቡ የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ይሠራል። አንዱ ማክሰኞ ይመጣና ሐሙስ ይወሰዳል። ፍርድ ቤት የትምህርት ካላንደር አይጠይቅ፣ ትምህርት ቢሮ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አያይ፤ በሁለቱ መሃል የሚንገላታው ልጁ ነው። እሷ ያገኘችው መላ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር መክፈት ነው። ሽፋኑ ላይ በእርሳስ «እዚህ ደርሷል» ብላ ገጹን ትጽፍበታለች። ልጁ የተመለሰ እንደሆነ ከዚያው ይቀጥላል። አንዳንዱ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ሦስት ጊዜ ከዚያው የቀጠለ አለ፤ እሱን ስታስብ ታለቅሳለች።

ቁጣዋን አታንሱ! እንደ ክብሪት ነው፤ ቦግ ይልና ይጠፋል። ከጠፋ በኋላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲጸጽታት ይውላል። ባለቤቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። «ሁለታችንም ሰው እናሳፍራለን፤ ልዩነቱ የኔዎቹ የት እንደሚወርዱ ያውቃሉ» እያለ ያበሽቃታል። ነርስ የሆነችው ልጃቸው በበኩሏ በመጣች ቁጥር «እማዬ፣ በቃሽ፤ ጡረታሽን ውጪ» ትላለች። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ! ሃያ ሁለት ዓመት በዚያች ክፍል ውስጥ ቆመች።

በሥራዋ በሃያኛው ዓመት ነው ስንጥር የመጣው። ስሙን ያወጡለት እንደሱ የታሰሩት ልጆች ናቸው፤ ቅጥነቱ ለጉድ ነበርና። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ትልልቆቹ የሱቅ ቆርቆሮ ሲገነጥሉ እሱን ከመንገዱ ማዶ «ሰው ከመጣ አፏጭ» ብለው አቆሙት። ሰው መጣ፤ ልጁ ፉጨቱ ከዳው። ትልልቆቹ እግሬ አውጪኝ ብለው ሲጠፉ ቆሞ የተገኘው እሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሌባ! እግዜር ያሳያችሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ማንበብ የሚችል መስሏት ነበር። ተራው ሲደርስ አንቀጹን ሳይሳሳት ይወጣዋል። አንድ ቀን ተራ አዛብታ መጀመሪያ እሱን ጠራችው። ልጁ መጽሐፉን ይዞ ገጹን ሁለት ጊዜ ገለጠ። ከዚያ «ቲቸር፣ ዓይኔን አሞኛል» አለ። ለካ ጓደኞቹ ሲያነቡ እየሰማ ሸምድዶ ነው የሚያነበንበው! አንጀቷን በላው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየምሳ ሰዓቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እሱን ይዛ ተቀመጠች። በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ልጅ ሒሳቡን ከሷ እኩል፣ አንዳንዴም ከሷ ቀድሞ ይሠራው ጀመር። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ከማረሚያው አራት ልጆች ተመዘገቡ፤ አንዱ እሱ ነበር። ፈተናው ሦስት ቀን ነው፤ የሚሰጠውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ፈታኞቹ ከውጭ ይመጣሉ።

እንግዲህ ጥፋቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጥፋቱም የሷው ነው።

ፍርድ ቤቱ በየስድስት ወሩ የልጆቹን ጠባይ የሚገልጽ ሪፖርት ይጠይቃል። ሌላው ሠራተኛ «ጠባዩ ደህና ነው» ብሎ በአንድ መስመር ይገላገላል። እሷ ግን ብዕር ከያዘች ማን ይመልሳታል! ለስንጥር ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች። የእንጨት ሥራ የሚያስተምረው አናጢ በትከሻዋ አሻግሮ አየና «አንቺ ሴትዮ፣ ለፍርድ ቤት ነው ለመንግሥተ ሰማያት የምትጽፊው?» አላት።

«አንተ ወንበርህን ላግ» ብላ አባረረችው።

በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። ሪፖርቱ ፍርድ ቤቱን ስላሳመነው ቀሪው ጊዜ ተነሥቶለት ልጁ በአራት ቀን ውስጥ ወደ እናቱ ይመለስ ይላል። ደስታዋ ወሰን አጣ፤ አናጢውን ሳታስበው አቀፈችው። እጇን ከአንገቱ ሳታነሳ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ጋር ተጋጨ። ፈተናው ገና ሃያ ቀን ቀርቶታል። ልጁ ከወጣ የት ይፈተናል?

ወደ ማረሚያው ኃላፊ ቢሮ እየሮጠች ሄደች።

«የተፈታ ልጅ ተመልሶ ግቢ ውስጥ አይገባም፤ ጠያቂ ካልሆነ በቀር» አላት ኃላፊው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ የሚወድ ሰው ነው።

ትምህርት ቢሮ ሄደች። ከመስኮት ወደ መስኮት አመላለሷት። መጨረሻ ላይ አንድ ጸሐፊ አዘነላትና እውነቱን ነገራት፤ ዝርዝሩ ታትሟል፣ የፈተና ጣቢያ አይቀየርም፣ ልጁ ለሚቀጥለው ዓመት ይመዝገብ። የሚቀጥለው ዓመት! ወይ የሚቀጥለው ዓመት! በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ «ለሚቀጥለው ዓመት» ከተባሉት ልጆች ተመልሰው ፈተና የተቀመጡ ሁለት ብቻ ታስታውሳለች። በየሰፈሩ ያሉት ትምህርት ቤቶች ከማረሚያ የወጣ ልጅ ሲመጣባቸው በትሕትና ወንበር ያልቅባቸዋል። ልጁ ከቤት ይውላል፣ ከቤት መዋል መንገድ ያወጣዋል፣ መንገዱ ላይ እነዚያው ትልልቆቹ ቆመው ይጠብቁታል።

ኃላፊው በማግሥቱ መፍትሔ ያገኘ መስሎት ጠራት። «ፍርድ ቤቱን ሃያ አምስት ቀን እንዲያቆየው ይጠይቁ። እርስዎ ከጻፉ ይሰማሉ» አላት።

ወረቀት አወጣች። ቀኑን ጻፈች፣ ጉዳዩን ጻፈች፤ «ልጁ በማረሚያው እንዲቆይ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ አልታዘዝ አላት። ቀና ስትል ስንጥር በሩ ላይ ቆሟል። ሰምቷል ማለት ነው፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ምን ተደብቆ ያድራል?

«ቲቸር፣ እቆያለሁ። ምንም አይደል» አላት።

ደሟ ፈላ። «ማንም ልጅ እስር ቤት ልቆይ ብሎ አይለምንም!» ብላ ጮኸችበት። «ሂድ፣ ዕቃህን ሰብስብ! ለምን እዚህ ትቆማለህ!» ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ወረቀቱን ብጭቅጭቅ አደረገችው። ከዚያ ልጁ ላይ የጮኸችው ትዝ ሲላት ቁጭ ብላ አለቀሰች። አራቱ ቀን አለፈና ስንጥር ወጣ፤ ለመሰናበት ሲመጣ ዓይኑን ማየት አቃታት።

ሌላ ሴት ብትሆን በዚህ ያበቃ ነበር። እሷ ግን ኃላፊውን መድረሻ አሳጣችው። ጠዋት ሲገባ በሩ ላይ፣ ምሳ ሲወጣ ደረጃው ላይ ትጠብቀዋለች። «ጠያቂ ይገባል ብለዋል፤ እስከ አሥር ሰዓት መቆየት ይችላል ብለዋል። ይሄ ልጅ ሦስቱን ጓደኞቹን ሊጠይቅ ይመጣል። ጓደኞቹ ፈተና ላይ ከሆኑ እሱም አብሯቸው ይፈተናል። ደንቡ የቱ ጋ ተሰበረ?» በስድስተኛው ቀን ሰውዬው ተሸነፈ። ማኅተም ያረፈበት ፈቃድ ጻፈላት። ልጁ በየቀኑ ይፈተሻል፤ ውስጥ ካሉት እንዳይለይ የግቢውን ዩኒፎርም ይለብሳል፤ ከአሥር ሰዓት በፊት ይወጣል።

አሁን የቀረችው እናትየዋ ናት።

እናትየዋ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት። የምትኖረው ከጎማ ጥገና ቤት ጀርባ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነው። መምህሯ ስትገባ ስንጥር አልነበረም፤ ውኃ ሊቀዳ ወጥቷል። እናትየዋ ያለችውን አንድ ወንበር ሰጥታት ራሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጆቿ ከሳሙናው ብዛት ተሰነጣጥቀዋል። መምህሯ ነገሩን አስረድታ እስክትጨርስ በትሕትና አዳመጠቻት።

«ጨረሱ?» አለቻት።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲህ ይስሙኝ። ያን ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ‹ለአንድ ሰዓት ይፈለጋል› ብለው ነው የወሰዱብኝ። ያቺ አንድ ሰዓት ሁለት ዓመት ሆነች። አሁን እርስዎ መጥተው ሦስት ቀን ይሉኛል! ለወረቀት ብዬ ልጄን በእጄ መልሼ ላስገባው? ዩኒፎርሙን ለብሶ? አብደሻል?» ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» እንደወረደች ራሷም አላወቀችም።

የሴትየዋ ፍርሃት የሞኝ ፍርሃት አይደለም። በዚህ መሃል ስንጥር ጀሪካኑን ተሸክሞ ገባ። መምህሯን ሲያይ ፊቱ በራ፤ የእናቱን ፊት ሲያይ ደግሞ ጠፋ። ጥግ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀመጠ። እናትየዋ ያቺን ቀጭን ጀርባ ብዙ ቆይታ ተመለከተች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ይግባ። ግን አንቺ አትገቢም። ልጄ እዚያ ውስጥ እስካለ ድረስ አንቺ ከኔ ጋር ከበሩ ውጭ ትቀመጫለሽ። እሱን ካላወጡት አንቺም አትገቢም፣ ቤትሽም አትሄጂም። ልጄን ስትይዢ አንቺን እይዛለሁ።»

መምህሯ መጀመሪያ ልትስቅ ነበር። የሴትየዋን ዓይን ስታይ ሳቋን ተወችው። «እሺ» አለች።

ባለቤቷ ይህን ሲሰማ «ሃያ ሁለት ዓመት ሌባ አስተምረሽ በመጨረሻ የተያዝሽው አንቺ ነሽ» ብሎ ተንከተከተ። ሲያበቃ ግን ጃኬቱን አውጥቶ ሰጣት፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ ግንብ ሥር ይበርዳል።

ከማረሚያው በር ትይዩ አንድ የተጣለ የሲሚንቶ ቱቦ አለ። ጠያቂዎች የሚቀመጡበት እሱ ላይ ነው። መምህሯ ለሃያ ሁለት ዓመት መታወቂያዋን ብልጭ አድርጋ በጎን በር ስትገባ ያን ቱቦ አይታው አታውቅም፤ ዓይኗ አርፎበት ይሆናል እንጂ አላየችውም። በፈተናው መጀመሪያ ቀን ከእናትየዋ ጎን ተቀመጠችበት። ስንጥር ተፈትሾ ገባ፤ ቀበቶውን አስፈትተውት ሱሪውን በእጁ ይዞ ነው የሄደው። እናትየዋ በሩ እስኪዘጋ አየችው። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ ሰው ሲወጣ ልጇ አለመሆኑን አይታ ትቀመጣለች። መምህሯም ሳታስበው አብራት ብድግ ቁጭ ማለት ጀመረች። ሰዓት እንዲህ እንደሚረዝም አታውቅም ነበር። ከግንቡ ወዲያ ያለው ቀን በደወል የተከፋፈለ ነው፤ ከወዲህ ያለው ዝም ብሎ አንድ ጊዜ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ስንጥር ወጣ። በሁለተኛውም ቀን በሰዓቱ ወጣ። እናትየዋ ሁለቱንም ቀን ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ፊቱን ዳብሳ ሳታበቃ አልተንቀሳቀሰችም። በሁለተኛው ቀን ከቋጠረችው ዳቦ ቆርሳ ለመምህሯ ሰጠቻት።

መምህሯ ፈቃዱን ጠዋት ጠዋት ለበሩ ተረኛ ታሳየዋለች፣ ልጁ ከገባ በኋላ ደግሞ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። የሰጠችውን መልሳ መሰብሰብ ልማዷ ነው፤ አንድ ወረቀት ነው ያላት፣ ከጠፋ ሌላ የለም። ተረኛውም አላስቀረው፣ እሷም አላሰበችው።

ሦስተኛው ቀን ረጅም ነው። ጠዋት ሒሳብ፣ ከሰዓት ሳይንስ፤ ልጁ ምሳውን እዚያው በልቶ አሥር ሰዓት ላይ ይወጣል። ኃላፊው በዚያ ቀን ለስብሰባ ሄዷል። የተረኞቹ አለቃም ገና ከዕረፍት የተመለሰ ወጣት ነው፤ ስለ ጉዳዩ የነገረው የለም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እንደ ልማዱ ልጆቹን አሰልፎ ቆጠረ። አንድ ሰው ተረፈ! ደግሞ ቆጠረ። አሁንም ተረፈ። ሰው ጎድሎ ያውቃል፤ ተርፎ ግን አያውቅም። ደወሉ ተደወለ፤ በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ።

እናትየዋ ደወሉን ስትሰማ ቆሌዋ ተገፈፈ። «ምንድነው? ምንድነው እሱ?» አለች።

መምህሯ ደወሉን ታውቀዋለች። ቆጠራ ሲዛባ የሚደወል ነው። ወዲያው ገባት፤ ወረቀቱ እኮ ቦርሳዋ ውስጥ ነው! መዥርጣ አወጣችውና በሩን ደበደበች። ከበሩ ላይ ትንሿ መስኮት ተከፈተች።

አለቃው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊቱ በላብ ርሷል። «ታዲያ ይሄ ልጅ ለምን ዝም አለ?» አላት። «‹ትርፉ ማነው?› ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ። አንድም ቃል አልተናገረም!»

መምህሯ ለምን ዝም እንዳለ አላጣችውም። ተናግሮ ቢሆን ኖሮ በአንገቱ ይዘው ከበሩ ያስወጡት ነበር፤ የከሰዓቱ ፈተናም ያመልጠዋል። እስረኛ መስሎ መቆጠርን መረጠ።

«መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ አለቃው። «ፈቃዱ ትክክል ነው። ግን ልጁ ነፃ ሰው ነው፣ ለአካለ መጠንም አልደረሰም። ወላጅ ሳትፈርም የተቆለፈ በር ውስጥ አላቆየውም፤ ነገ እኔው ነኝ የምጠየቀው። ወይ አሁኑኑ ይውጣ፣ ወይ እናቱ ‹ልጄ እስከ አሥር ሰዓት እዚህ እንዲቆይ ፈቅጃለሁ› ብላ ትፈርም። ፈተናው ስምንት ሰዓት ይጀምራል። ቶሎ ይወስኑ።»

አንድ ወረቀትና የማኅተም ቀለም በመስኮቷ አሳልፎ ሰጣት።

መምህሯ ዞር አለች። እናትየዋ ከኋላዋ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ አመድ መስሏል። አሁን «አውጪልኝ» ብትል መምህሯ ታወጣዋለች፤ ቃሏ ነው። አፏን ከፍታ ልታግባባት፣ ልትለምናት ፈለገች። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማረችበት ምላስ ዛሬ ቢሠራ ምን አለበት! ግን የሴትየዋን የተሰነጣጠቁ እጆች ስታይ ተወችው። ይሄ የሷ ውሳኔ አይደለም።

«ያን ጊዜም ጣቢያ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር» አለች እናትየዋ ቀስ ብላ። «‹ልጅሽ ነገ ይመጣል፣ እዚህ ላይ ጣትሽን አድርጊ› አሉኝ። አደረግኩ። ፍርድ ቤት ሲነበብ ለካ ‹ልጄ ከቁጥጥሬ ውጭ ነው› ይላል። እኔ ነኝ እንግዲህ ያልኩት። ልጄ ሰምቶ ዞር ብሎ አየኝ። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

መምህሯ እንባዋ ያለ ከልካይ ወረደ።

«አንብቢልኝ» አለች እናትየዋ።

መምህሯ አለቃው የጻፈውን አነበበችላት። ሁለት መስመር ነው።

«ድገሚው።»

ደገመችላት። እናትየዋ እያንዳንዱን ቃል ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ተከተለች። «‹እስከ አሥር ሰዓት› የሚለው የቱ ጋ ነው?» ስትል ጠየቀች። መምህሯ በጣቷ አሳየቻት። እናትየዋ ያቺን ቦታ አተኩራ አየቻት። ከበሩ ወዲያ አለቃው ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል።

«የቀረው ፈተና ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ሰዓት።»

«ይችለዋል?»

«ይችለዋል።»

አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ፈጥና አላነሳችውም፤ ደህና አድርጋ ተጫነችው። ከዚያ ወረቀቱን ራሷ በመስኮቷ አስገባች።

«ይጨርስ» አለችው ለአለቃው።

ያን ሁለት ሰዓት እንዴት እንደዋሉት እነሱ ናቸው የሚያውቁት። እናትየዋ ቱቦው ላይ አልተቀመጠችም። በሩ ፊት ቆማ ዋለች፤ መምህሯም አብራት ቆመች። እግሯ ሲዝል እናትየዋ ክንዷን ሰጠቻት። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ስንጥር ሱሪውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። እናቱ አልዳበሰችውም። ጥፊ ልታቀምሰው እጇን አነሳችና ያው እጅ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

ከዚያ በኋላ መምህሯ ሌላ ሰው ሆነች ብል እዋሻለሁ፤ አሁንም እስክርቢቶ ትቆጥራለች፣ አሁንም ትጮኻለች። ግን ለፍርድ ቤት ሪፖርት ስትጽፍ መጀመሪያ የምትጽፈው የፈተናውን ቀን ነው፤ ልጁ ቀድሞ ከወጣ የት እንደሚማር፣ የት እንደሚፈተንም ታስታውቃለች። ኃላፊውንም ነዝንዛ ነዝንዛ ደንብ አስጻፈችው፤ የተፈታ ተፈታኝ በራሱ ልብስ ይገባል፣ በጎን በር ይገባል፣ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። ደንቡ ግማሽ ገጽ ነው። ባለቤቷ «ግማሽ ገጽ ለማስጻፍ ሃያ ሁለት ዓመት!» ይላታል። እውነቱን ነው፤ እሷም ይህን እያሰበች እንቅልፍ የሚነሳት ቀን አለ። ደንቡ ሳይኖር ያለፉት ልጆች ስንት ናቸው? ደብተሮቻቸው አሁንም ቁም ሣጥኗ ውስጥ ተደርድረው አሉ።

ውጤት የመጣው በሁለተኛው ወር ነው። አንድ ጠዋት የበሩ ተረኛ «ሰው ይፈልግሻል» ብሎ አስጠራት። ስትወጣ እናትየዋ ቆማለች፤ ከሥራ የመጣች ናት፣ ሽርጧ እንደታሰረ ነው። ከደረቷ አንድ የታጠፈ የውጤት ወረቀት አወጣች። መምህሯ መነጽሯን ፍለጋ ኪሷን ስትደባብስ፣ ሴትየዋ እጇን ያዘቻት።

«ተይ እትዬ፣ ለማስነበብ አይደለም የመጣሁት» አለቻት። «እንድታዪው ብዬ ነው። ምን እንደሚል ልጄ አንብቦልኛል፤ አምኜዋለሁ።»